ሳይገፉ መቃናት፦ የመነኩሴው የዶገን ሕይወትና የመቀመጥ ሥርዓቱ (1200–1253)

በዘመናችን የዜን መቀመጥን ለመልመድ የሚመጣ ጀማሪ ከሚሰማቸው የመጀመሪያ ምክሮች አንዱ አናቱን ወደ ሰማይ እንዲያነሣ የሚነግረው ነው። አንዱ አስተማሪ ከአናት ላይ የታሰረ ክር ወደ ላይ እንደሚስብ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ሌላው ጣራውን በራስ ቅል እንደ መግፋት ያስመስለዋል። ምክሩ የጎበጠ ጀርባን ለማቃናት ይረዳል። ይሁን እንጂ በጃፓን የሶቶ ዜን መሥራች ተብሎ የሚታወቀው ዶገን ካዘጋጀው የመቀመጥ መመሪያ ጋር ሲተያይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በሰፊው በተሠራጨው የመመሪያው ቅጂ ውስጥ አካልን ሽቅብ ስለ መግፋትም ሆነ ስለ መሳብ የተሰጠ ትእዛዝ የለም። ዶገን የሚናገረው ስለ ትይዩነት ነው፤ የትኛው የአካል ክፍል ከየትኛው ጋር ሊገጥም እንደሚገባው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ግን ስለ ሽቅብታ በግልጽ ጽፈው ነበር፤ ዶገንም ጽሑፋቸውን ያውቅ ነበር። ልዩነቱ የቃላት ቁጠባ ብቻ ነው ወይስ የሕይወቱ ጥያቄ ያስገኘው? የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህም ነገሩን ከሕይወቱ ታሪክ ጋር አያይዞ ያቀርባል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶገን በ1200 በኪዮቶ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አባቱ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሥልጣን የነበረው ሚናሞቶ ሚቺቺካ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የሚቺቺካ ልጅ ሚቺቶሞ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ስለ እናቱ የሚነገረው ግን የማያሻማ ነው፤ ልጁ በጃፓን የቀድሞ የዕድሜ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። በገዳሙ ትውፊት መሠረት ሕፃኑ በቀብሯ ሥርዓት ላይ የዕጣኑ ጢስ ወደ ላይ ሲወጣና ሲበተን አይቶ የዓለምን ኃላፊነት ተረዳ። እንዲህ ዓይነቱ ትረካ በመነኮሳት ገድል ውስጥ የተለመደ ነው፤ ስለሆነም ተመራማሪ በጥንቃቄ ሊይዘው ይገባል። ልጁ ለቤተ መንግሥት ሹመት ሳይሆን ለምንኵስና ማዘንበሉ ግን ከታሪክ ጋር ይስማማል። በ1212 ከኪዮቶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ሂኤ ተራራ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የተንዳይ እምነት ዋና መቀመጫ በሆነው በኤንርያኩጂ ገዳም መነኮሰ።

በዚያ ነው ዕድሜ ልኩን ያልለቀቀው ጥያቄ የያዘው። የተንዳይ ሊቃውንት ፍጥረት ሁሉ የቡድሃን ባሕርይ ከመጀመሪያው እንደ ያዘ ያስተምራሉ። እንዲህ ከሆነ፣ ያለፉት ቡድሃዎች ሁሉ ስለ ምን በብርቱ ድካም ፈለጉት? ያላቸውን ነገር ለማግኘት የሚደክሙ ሰዎች ሞኞች ናቸው፤ ካልሆነም ትምህርቱ ስሕተት አለበት። ጥያቄው ረቂቅ ይመስላል እንጂ ለአንድ ወጣት መነኩሴ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር፤ ሌሊት የሚነቃው፣ የሚጾመው፣ የሚያጠናው ለምን እንደ ሆነ ካልታወቀ ምንኵስናው ራሱ ባዶ ልማድ ይሆናልና። በሂኤ የጠየቃቸው መልስ አልነበራቸውም። የኦንጆጂው አበምኔት ኮይንም መልስ አልሰጡትም፤ ይልቁንም በኪዮቶ ወደሚገኘው ወደ ኬኒንጂ ገዳም መሩት። ኬኒንጂ የቻይናን የዜን ትምህርት ወደ ጃፓን ካመጡት አንዱ በሆኑት በኤይሳይ የተመሠረተ ነው። ኤይሳይ በ1215 ስላረፉ ዶገን ከ1217 ጀምሮ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር በነበሩት በሚዮዘን ሥር ተማረ።

ሚዮዘንና ዶገን ወደ ቻይና ለመሄድ በተዘጋጁበት ጊዜ ሚዮዘንን ከልጅነት ጀምሮ ያሳደጓቸው አዛውንት መነኩሴ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተያዙ፤ ልጄ ሆይ፣ እስክሞት ድረስ አትለየኝ ብለውም ለመኗቸው። ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው ሲመክሩ አብዛኞቹ ጉዞው ይዘግይ አሉ። ሚዮዘን ግን የአንድን ሰው ሞት ማስቀረት እንደማይችሉ፣ ትምህርቱ ቢቋረጥ ግን ለብዙዎች ጉዳት እንደሚሆን ገልጸው ለመሄድ ወሰኑ። ዶገን ይህን ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ ለራሱ ተማሪዎች ተርኮላቸዋል። ውሳኔው ሚዮዘንን ምን እንዳስከፈላቸው ያውቅ ነበርና ታሪኩ በአፉ ቀላል ምሳሌ አልነበረም።

በ1223 ጸደይ መርከባቸው ዛሬ ኒንግቦ በምትባለው በሚንግዡ ወደብ ደረሰች። ዶገን ወደ ገዳም ለመግባት ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በመርከቧ ላይ ቆየ። በዚህ ጊዜ ነው አንድ የስድሳ አንድ ዓመት ሽማግሌ እንጉዳይ ሊገዙ ወደ መርከቧ የመጡት። በአዩዋንግ ተራራ ገዳም የማድ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ በማግሥቱ ለመነኮሳቱ የሾርባ ምግብ ለማዘጋጀት ሲሉ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ነበር። ዶገን ሻይ አቅርቦ እንዲያድሩ ለመናቸው። ኃላፊነታቸውን ለሌላ ትተው ማደር እንደማይችሉ ነገሩት። በዚህ ዕድሜ ስለ ምን ተቀምጠው እንደማይጸልዩ፣ የጥንቱን መጻሕፍትስ ስለ ምን እንደማይመረምሩ፣ የማድ ቤት ሥራስ ምን ጥቅም እንዳለው በወጣት ድፍረት ሲጠይቃቸው ሽማግሌው ሳቁ። ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ልምምድ ምን እንደ ሆነ ገና እንዳልገባው ነግረውት ሄዱ።

ሁለተኛው ገጠመኝ በቲየንቶንግ ተራራ ነው። ዶገን በዚህ ታላቅ ገዳም መማር ከጀመረ በኋላ በአንድ የጠራራ ፀሐይ ቀን በቡድሃ አዳራሽ ፊት እንጉዳይ ሲያደርቁ የነበሩ ሌላ የማድ ቤት ኃላፊ አየ። በእጃቸው የቀርከሃ ምርኩዝ ይዘዋል፤ በራሳቸው ላይ ባርኔጣ የለም፤ የወለሉ ጡብ ግሎ እግር ያቃጥላል፤ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ዶገን የጻፈላቸው መግለጫ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ የቀረበ ነው፤ ጀርባቸው እንደ ደጋን የጎበጠ፣ ቅንድባቸው የነጣ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነበር። ለምን ረዳት እንደማያዝዙ ሲጠይቃቸው የሌላ ሰው ሥራ የእርሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ገለጹለት። ለምን ፀሐዩ እስኪበርድ እንደማይጠብቁ ሲጠይቃቸውም ሌላ የሚጠበቅ ጊዜ እንደሌለ አሳሰቡት። ዶገን መናገር አቆመ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች በ1237 ስለ ማድ ቤት ኃላፊ ተግባር በጻፈው ድርሳን ውስጥ መዝግቧቸዋል። በኋላ ስለ ጆሮና ስለ ትከሻ ትይዩነት በጥንቃቄ የጻፈው ይኸው ሰው፣ እውነተኛ ልምምድ አየሁ ብሎ የመሰከረው ጆሯቸው ከትከሻቸው ጋር ሊገጥም በማይችል ጎባጣ ሽማግሌ ዘንድ ነበር። ይህን የረሳ አንባቢ መመሪያውን የቁመና ሕግ አድርጎ ይወስደዋል።

ዶገን በቻይና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚፈልገውን መምህር አላገኘም። የተለያዩ ገዳማትን ጎብኝቶ ወደ ቲየንቶንግ ሲመለስ አበምኔቱ ሩጂንግ ሆነው ጠበቁት። በ1225 በአምስተኛው የጨረቃ ወር የመጀመሪያ ቀን ተገናኙ። በዚያው ወር በሃያ ሰባተኛው ቀን ሚዮዘን በዚያው ገዳም አረፉ። ዶገን አንዱን መምህር ባገኘ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሌላውን ቀበረ ማለት ነው። የሚታመመውን አሳዳጊያቸውን ትተው የመጡት ሰው የመጡበትን አገር መልሰው ሳያዩ ቀሩ፤ ዶገን ዐፅማቸውን ይዞ ወደ ጃፓን ለመመለስ በራሱ ላይ አደራ ወሰደ።

በሩጂንግ ገዳም መቀመጥ ከሁሉ የበለጠ ሥራ ነበር። ዶገን እንደ ተረከው ማታ እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ይቀመጣሉ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥተው እንደ ገና ይጀምራሉ። የሚያንቀላፋውን መነኩሴ አበምኔቱ በጡጫ ወይም በነጠላ ጫማቸው ይመቱት ነበር። መነኮሳቱ በድካም ስለ ታመሙ ሰዓቱ እንዲያጥር አንዳንዶች ቢያመለክቱም አልተቀበሉም። ዶገን ብርዱና ሙቀቱ ሲጠነክር ሌሎች ሲያቋርጡ እርሱ ሊሞት ቢችል እንኳ ለመቀመጥ እንደ ቆረጠ ይናገራል።

ገድሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚያቀርበው ትዕይንት እጅግ የታወቀ ነው። አንድ ሌሊት ሩጂንግ አጠገቡ ያንቀላፋውን መነኩሴ መቀመጥ ማለት አካልና አእምሮ የሚወድቁበት መሆኑን እየነገሩ ሲገሥጹት ዶገን ድንገት ነቃ፤ ወደ አበምኔቱ ክፍል ሄዶ ዕጣን አጠነ፤ አካልና አእምሮው መውደቃቸውን አስታወቀ፤ መምህሩም መሰከሩለት። ይህ ታሪክ በዶገን በራሱ ጽሑፎች ውስጥ በዚህ መልክ አይገኝም። የምናገኘው ከሞቱ በኋላ ከተጻፉት ትረካዎችና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኤይሄይጂ አበምኔት ከነበሩት ከከንዘይ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የጃፓን ተመራማሪዎች የድንገተኛው ሌሊት ትዕይንት የኋላ ጭማሪ ነው ይላሉ። ሌላም ችግር አለ። በቻይና በተሰበሰበው የሩጂንግ ስብከት ውስጥ አካልና አእምሮ ይወድቃሉ የሚለው አባባል አልተገኘም፤ የተገኘው የአእምሮ ትቢያ ይወድቃል የሚል ተቀራራቢ ሐረግ ነው። ሁለቱ ሐረጎች በጃፓንኛ ንባብ በድምፅ አንድ ናቸው፤ በቻይንኛ ግን ይለያያሉ። ዶገን በስሕተት ሰማ የሚለው መላ ምት ስለዚህ በቀላሉ የሚያሳምን አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የተነገረው ያም ሆነ ይህ፣ ዶገን ይዞት የተመለሰው ሐረግ አካልን የሚጨምረው ነው። ከመስተዋት ላይ ትቢያ ማራገፍ ንጹሕ አእምሮ ከቆሸሸ አእምሮ የሚለይበትን መንገድ ያስቀድማል። አካልም አእምሮም አብረው ሲለቀቁ ግን የሚያጠራም የሚጠራም አይቀርም። በሂኤ የጀመረው ጥያቄ መልሱን ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰው ቡድሃ ለመሆን አይቀመጥም፤ መቀመጡ ራሱ ያ ባሕርይ በተግባር መገለጡ ነው።

ዶገን በ1227 የሚዮዘንን ዐፅም ይዞ ወደ ኬኒንጂ ተመለሰ። አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ሥርዓተ ጸሎት ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅ ነበር። እርሱ መጀመሪያ የጻፈው አጭር የመቀመጥ መመሪያ ነው፤ ርእሱ ፉካንዛዘንጊ ሲሆን መቀመጥን ለሁሉ የሚመክር ማለት ነው። ያ የመጀመሪያ ረቂቅ አልደረሰንም። የደረሰን በ1233 በገዛ እጁ የጻፈው ጥቅልል ነው፤ በኤይሄይጂ ገዳም ተጠብቆ ይገኛል፤ ጃፓንም በብሔራዊ ቅርስነት መዝግባዋለች። ከዚህ ሌላ ከዓመታት በኋላ የታረመና ዛሬ በሶቶ ገዳማት የሚነበበው የተሠራጨው ቅጂ አለ። ካርል ቢለፈልት በ1988 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ቅጂዎች ከቀደምት የቻይና ምንጮች ጋር ጎን ለጎን አስተያይተዋል፤ በዚህ ርእስ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ከዚያ ሥራ መነሣቱ አይቀርም።

ዋናው ምንጭ ቻንግሉ ዞንግዘ በ1103 ባዘጋጁት የገዳም ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው የመቀመጥ መመሪያ ነው። ዶገን ስለዚህ መመሪያ የጻፈው ማስታወሻ ዞንግዘን ይወቅሳል፤ የጥንቱን የባይዣንግን ሐሳብ ቢከተሉም ከራሳቸው ብዙ ጨምረው አሳስተዋል ይላል። ሆኖም ወቃሹ ከተወቃሹ ጽሑፍ ብዙ መስመሮችን ወስዷል። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ልከኛ ምግብና መጠጥ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ በላዩ ላይ ትራስ። እግሮች ተነባብረው ሁለቱም በተቃራኒው ጭን ላይ ያርፋሉ፤ ወይም አንዱ ብቻ። ልብስና መቀነት ይላላል። ቀኝ እጅ በግራ እግር ላይ፣ ግራ እጅ በቀኝ መዳፍ ላይ፣ የአውራ ጣቶቹ ጫፍ ይነካካሉ። አካል ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አያዘነብልም። ጆሮ ከትከሻ፣ አፍንጫ ከእምብርት ጋር ይተያያል። ምላስ ላንቃን ይነካል፣ ከንፈርና ጥርስ ይገጥማሉ፣ ዓይን እንደ ተከፈተ ይቆያል፣ ትንፋሽ በአፍንጫ በዝግታ ይወጣል ይገባል። ከዚያ በኋላ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ አካሉን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ቀስ በቀስም ይረጋል።

ዞንግዘ ግን በዝንባሌውና በጆሮው መካከል ሁለት ነገር ጨምረው ነበር። አንደኛው የወገብ፣ የጀርባ፣ የአንገትና የራስ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው እንደ ስቱፓ፣ ማለትም እንደ ቡድሂስቶች የዐፅም ማረፊያ ግንብ፣ እንዲቆሙ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው አካልን ከመጠን በላይ ወደ ላይ መምዘዝ ትንፋሽን እንደሚያስጨንቅና ዕረፍት እንደሚነሣ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው አዲስ አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቲየንታይ መምህር የነበሩት ዥዪም በአጭሩ መመሪያቸው የጀርባ አጥንት እንዳይጎብጥም እንዳይንጠራራም አዝዘዋል፤ አካልን ደጋግሞ በማንቀሳቀስ መጀመርንም ከእርሳቸው እናገኛለን። የጃፓኑ ተንዳይ የዚሁ የቲየንታይ ቅርንጫፍ በመሆኑ በሂኤ ያደገ መነኩሴ ይህን ሁሉ ለማወቅ ቅርብ ነበር። በተሠራጨው ቅጂ ውስጥ ግንቡም የለም፤ ማስጠንቀቂያውም የለም። ከአራቱ ዝንባሌዎች በቀጥታ ወደ ጆሮና ወደ አፍንጫ ይሻገራል።

ይህ መዝለል ከሥነ ጽሑፍ ምክንያት የመጣ ነው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ፉካንዛዘንጊ በአራትና በስድስት ፊደል ሐረጎች እየተመጣጠነ የሚሄድ የቻይንኛ ጽሑፍ በመሆኑ ዶገን ለዜማው ሲል አሳጥሮት ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የአንድ ጸሐፊ ዝምታም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን የጠፉት ሁለቱ ነገሮች አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። አንዱ ወደ ላይ እንዲታነጽ ያዝዛል፤ ሌላው ያ ትእዛዝ የሚያመጣውን ጉዳት ይከላከላል። ትእዛዙ ከተነሣ ማስጠንቀቂያው ሥራ የለውም። የቀረው መመሪያ ለተቀማጩ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አታዘንብል። አራቱን ዝንባሌዎች ሲተው፣ በውዝዋዜው መሐሉን ሲያገኝ፣ ልብሱና ሆዱ ሲላሉ፣ አከርካሪው ያለ ግፊት ይረዝማል። አካሉ ሽቅብ የሚለቀቀው የሚይዘው ነገር ስለ ጠፋ እንጂ የሚጎትተው ስለ ተገኘ አይደለም። ለዚህ ነው አካልና አእምሮ ይወድቃሉ የሚለው ትምህርትና ቀጥ ብሎ መቀመጥ በዶገን ዘንድ የማይጋጩት።

ሌላው የማሻሻያው አቅጣጫም ይህንኑ ይደግፋል። በ1233 ጥቅልል ውስጥ ዶገን ስለ አእምሮ የዞንግዘን ምክር እንዳለ ይዞት ነበር፤ ሐሳብ ሲነሣ ማወቅ፣ ሲታወቅም እንደሚጠፋ መጠበቅ። በኋለኛው ቅጂ ይህን አውጥቶ የጥንቱ የቻይና መምህር ያኦሻን ከአንድ መነኩሴ ጋር ስለ ማሰብና ስለ አለማሰብ ያደረጉትን አጭር ንግግር ተክቷል። የመጀመሪያው ምክር ዘዴ ነው፤ ይህን ብታደርግ ያን ታገኛለህ ይላል። ሁለተኛው የሚገኝ ውጤት አያስቀምጥም። ዶገን የአካልን ጉተታ ከመመሪያው እንዳስቀረ ሁሉ የአእምሮንም ጉተታ አስወጣ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዛዘን የሚለውን ቃል ወደ ቋንቋችን ስንመልስ ቀድሞ የሚመጣልን ተመስጦ ነው። ተመስጦ ግን መሠጠ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ በመሆኑ መነጠቅን፣ ከዚህ ወደዚያ መወሰድን ያሰማል። ዶገን ዓይን እንዳይከደን ያዘዘው፣ የሚቀመጡበት ቦታ ቀንም ሌሊትም እንዳይጨልም የጻፈው፣ ሰውየው ወደ የትም እንዳይነጠቅ ነው። መቀመጥ የሚለው ተራ ቃል ያንሳል ብለን ብንፈራም ለዶገን ሐሳብ የሚቀርበው እርሱ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው ዕድሜው ይህን መመሪያ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ለማስገባት የተደረገ ድካም ነው። በ1230 ኬኒንጂን ለቆ ከኪዮቶ በስተ ደቡብ ወዳለችው ፉካኩሳ ሄደ። በ1233 በዚያ ኮሾጂ የተባለውን ገዳም መሠረተ፤ በ1236 የመነኮሳቱ አዳራሽ ተከፈተ። በዚህ አዳራሽ መነኩሴው በአንድ ሰገነት ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ የአቀማመጡ ጉዳይ የጸሎት ሰዓት ብቻ አይሆንም ማለት ነው። በ1234 ከእርሱ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ኤጆ ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ኤጆ የመምህሩን ንግግር እየሰማ ባይመዘግብ ኖሮ ስለ ሚዮዘን ውሳኔም ሆነ ስለ ሩጂንግ ጫማ የምናውቀው ጥቂት በሆነ ነበር።

በ1243 ዶገን ኮሾጂን ትቶ በጃፓን ባሕር አቅጣጫ ወዳለው በረዷማው የኤቺዘን ግዛት ሄደ። ምክንያቱን ራሱ አልገለጸም። የሂኤ መነኮሳት ተቃውሞ፣ በቅርቡ የተሠራው የታላቁ የቶፉኩጂ ገዳም ተወዳዳሪነት፣ በኤቺዘን ርስት የነበረው የጦር ሹም የሃታኖ ዮሺሺገ ግብዣ ሦስቱም ይጠቀሳሉ። ሦስቱ አብረው ሊሠሩ ስለሚችሉ አንዱን መምረጥ የግድ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት በኅዳር ገደማ፣ ቋሚ ገዳም ሳይኖረው በዮሺሚነ በተጠለለበት ጊዜ፣ በጃፓንኛ ሌላ አጭር የመቀመጥ መመሪያ ሰጠ፤ ሾቦገንዞ በተባለው ታላቅ ሥራው ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ነፋስና ጢስ፣ ዝናብና ጤዛ ወደ መቀመጫው እንዳይገቡ ያሳስባል፤ በክረምት ሙቀት፣ በበጋ ቅዝቃዜ እንዲኖር ይመክራል። የቤተ መንግሥት ልጅ ብርድ ባለበት መጠለያ ሆኖ ነው ይህን የሚናገረው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ትራሱ የጨመረው ማብራሪያ ትኩረት ይገባዋል። ትራሱ ከተነባበሩት እግሮች ሁሉ ሥር አይነጠፍም፤ ከመካከላቸው ወደ ኋላ ብቻ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ከእግሮቹ ሥር ምንጣፉ፣ ከአከርካሪው ሥር ትራሱ ይውላል። ያለፉት ቡድሃዎች ሁሉ እንዲህ እንደ ተቀመጡም ያክላል። የሰውነት አሠራርን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳል። መቀመጫው ከጉልበቶቹ ከፍ ሲል ዳሌ በጥቂቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ የወገብ ተፈጥሯዊ ጎድጓዳ ይጠበቃል፤ ሁለቱ ጉልበቶችና መቀመጫው ሦስት ማዕዘን መሠረት ይሆናሉ። ትራሱ ከእግር ሁሉ ሥር ቢሆን ግን ከፍታው ለዳሌው አይጠቅምም፤ ጀርባው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ተቀማጩም ራሱን በጡንቻ ጎትቶ ማቅናት ይኖርበታል። ዶገን እንግዲህ የሽቅብታውን ሥራ ከአናት ላይ አንሥቶ ከታች፣ ከትራሱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። በሃያ ዓመት ትምህርት ውስጥ ስለ ከፍታ የሰጠው በጣም ተግባራዊ ምክር ይህ ነው፤ የሚመለከተውም ወለሉን ነው።

በ1244 በኤቺዘን የተሠራው ገዳም በ1246 ኤይሄይጂ የሚለውን ዛሬም የሚጠራበትን ስም አገኘ። ዶገን በ1247 የጦር መሪዎቹ መንግሥት ወደሚገኝበት ወደ ካማኩራ ሄዶ ስድስት ወር ያህል ቆየ፤ በ1248 ተመልሶ ከዚያ በኋላ ከተራራው ብዙም አልራቀም። በ1252 መገባደጃ ታመመ። በ1253 የአበምኔትነቱን ሥልጣን ለኤጆ አስረከበ፤ በደጋፊው በሃታኖ ምክር ሕክምና ለማግኘት በቃሬዛ ወደ ኪዮቶ ወረደ። ኤጆ አብሮት ነበር። በስምንተኛው ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን በተወለደባት ከተማ ዐረፈ፤ በጃፓን አቆጣጠር የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበር።

ኤጆ ዐፅሙን ይዞ ወደ ኤይሄይጂ ተመለሰ፤ ዶገን በሃያ ሰባት ዓመቱ የሚዮዘንን ዐፅም ይዞ እንደ ተመለሰው። በዐሥራ ሁለተኛው ወር የመምህሩን ወረቀቶች ሲያስተካክል ለማንም ያላሳየውን የቻይና ማስታወሻ አገኘ። ወጣቱ ዶገን ለሩጂንግ ያቀረባቸው ጥያቄዎችና የተሰጡት መልሶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ታላላቅ የትምህርት ክርክሮች አሉ፤ ከእነርሱ ጎን ደግሞ ሲቀመጥ አእምሮውን በግራ መዳፉ ላይ እንዲያሳርፍ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲራመድም ለአንድ ትንፋሽ ግማሽ እርምጃ ብቻ እንዲሄድ የተነገረው ተጽፏል። ኤጆ ሌላም ያልተገኘ ቀሪ ይኖር ይሆናል ብሎ እያዘነ ማስታወሻውን በእጁ ገለበጠ፤ የገለበጠበትንም ቀን በግርጌው ጻፈ።